ሃያ እርምጃ በስፓኒሽ

በሆስፒታሉ የማገገሚያ ክፍል የምትሠራዋን ሴት ባልደረቦቿ «ቆጣሪ» ይሏታል። «የመብራት ነሽ የውሃ?» ሲሏት «የሰው» ትላለች። ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም፤ በሽተኛ ስታራምድ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። እግር ቢፈራም ጆሮ ከቀደመለት ይከተላል ባይ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሞክራው ሠርቶላታል።

ችግር የመጣው ከስፓኒሽ በቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቁ ሽማግሌ ዳሌያቸው ተሰብሮ የገቡ ጊዜ ነው። በአማርኛ ስትቆጥርላቸው እግራቸውን ሳያነሡ ፊቷን ያያሉ። ሐኪሙ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፤ እስከ ዓርብ ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያው ሃያ እርምጃ መሄድ ካልቻሉ፣ ቀኑን ሥራ የምትውለው ልጃቸው ቤት መመለሳቸው ቀርቶ የአረጋውያን ማቆያ ይገባሉ።

ስለዚህ እሑድ ከስልኳ እስከ አስር ተማረች። ሽንኩርት ስትከትፍ በቢላዋው ምት ልክ ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ ትላለች።

«ምነው ልጄ፣ ለሽንኩርቱ ስም እያወጣሽለት ነው?» አሏት እናቷ።

ሰኞ ሽማግሌው «ኡኖ» ሲሰሙ ቀና አሉ። በ«ዶስ» እግራቸው ተነሣ። እስከ አስር፣ እስከ «ዲዬስ» ሄዱ። ከዚያ በላይ ስለማታውቅ ተመልሳ «ኡኖ» ስትል ግን ቀጥ ብለው ቆሙና በእጃቸው ወንበር ፈለጉ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ቅር እያላት መዝገባቸው ላይ «አቅማቸው አስር እርምጃ ነው» ብላ ጻፈች።

ረቡዕ እዚህ አገር ኖራ አማርኛ የለመደችው ልጃቸው በምሳ ሰዓቷ መጥታ በሩ ላይ ሆና ስታያቸው ቆየችና ሳቀች።

«እህቴ፣ አባዬ እኮ አልደከመውም። ዕድሜውን የፈጀው ወደብ ላይ ጭነት በማንሳት ነው። እነሱ ዘንድ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይሸከማል። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ከተጀመረ ያኛው ጭነት ወርዷል፣ አረፍ በሉ ማለት ነው።»

ቆጣሪ ክው አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ ያሳረፍኳቸው እኔ ነኛ!»

«ታዲያ እስከ ሃያ ተማሪያ።»

«በሁለት ቀን?»

«እሱ በተሰበረ ዳሌ ይራመድ የለ? አንቺ የምታንቀሳቅሺው ምላስ ብቻ ነው።»

በባዶ የጓንት ካርቶን ጀርባ ጽፋ ሰጠቻት። ከአስራ አንድ እስከ አስራ አምስት ያሉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መልክ ስላላቸው በቃል መያዝ ግድ ነው፤ ኦንሴ፣ ዶሴ፣ ትሬሴ፣ ካቶርሴ፣ ኪንሴ። ከአስራ ስድስት ወዲያ ግን ነገሩ እንደኛው ነው፤ አስር ይባልና ስድስት ይከተለዋል፤ ዲዬሲሴይስ። ቀጥሎ ዲዬሲሲዬቴ። ቆጣሪ ይህን ስታውቅ በሰው አገር ዘመድ ያገኘች ያህል ደስ አላት። እናቷ ካርቶኑን ይዘው አስጠኗት። ሁልጊዜ የምትሰናከለው ካቶርሴ ላይ ነው።

«ይቺ አስራ አራት ምን አድርገሻት ነው እንዲህ የምትሸሽሽ?» አሉ እናቷ።

ዓርብ ሐኪሙ እጁን አጣምሮ ግድግዳው ሥር ቆመ። ልጅቷ የአባቷን ከዘራ ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቆጠራው ተጀመረ። ዲዬስ ላይ ሲደርሱ የሽማግሌው እጅ እንደ ልማዱ ወንበር ሊፈልግ ተንቀሳቀሰ። «ኦንሴ» አለች። እጃቸው ተመለሰ። ዶሴ፣ ትሬሴ። ከዚያ ጭልም አለባት። የሽማግሌው እግር ሊነሣ ተረከዙ ብቻ ከወለሉ ለቆ ቀረ።

«ካቶርሴ» አሉ ሽማግሌው ራሳቸው፣ ቀስ ብለው፣ ልጅ እንደሚያስጠና ሰው። እግራቸው ወለሉን ረገጠ። እሷም «ኪንሴ» ብላ ተቀበለቻቸው። ሃያኛውን «ቤይንቴ» ስትል የመታጠቢያውን ጠርዝ ጨብጠዋል።

ሐኪሙ ወደ ቤት ይመለሱ ብሎ ፈረመ። ቆጣሪ መዝገቡ ላይ የጻፈችውን ሰርዛ፣ ስህተቱ የራሷ እንደነበር ነገረችው። ከዚያ ልጅቷን አቀፈቻት።

«ምሳሽን ትተሽ ባትመጪ ኖሮ እኮ ማቆያ አስገብቻቸው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምስጋናው የኔ ነው፣ አንቺ ቀደምሽኝ እንጂ።»

ወደ አሳንሰሩ የሚወስዳቸው ተሽከርካሪ ወንበር ቀረበ። ሽማግሌው በከዘራቸው ገፋ አደረጉትና ረጅሙን ኮሪደር፣ ከዚያ ቆጣሪን አዩ።

«ከሃያ በላይ አላውቅም በያቸው» አለች ለልጃቸው።

«እሱ ያውቃል» አለች ልጅቷ።

ቆጣሪ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «ቤይንቲዩኖ» አሉ ሽማግሌው ሃያ አንደኛውን እየረገጡ፤ እሷም ተቀብላ ደገመችው።