የቀበቶ ጺም

ዝናቡ ድንገት ወረደ። በግንባታው አጥር ሥር ሕፃን ያዘለች ሴት ከላይ የሚንጠባጠበውን ጭቃ ውሃ ስትሸሽ፣ አንድ ሠራተኛ ሄልሜቱን አወለቀ፤ በሕፃኑ አናት ላይ እንደ ጣራ ደግፎ አሻገራት። ይህን የሚጽፈው ሰው ከዕቃ ቤቱ ታዛ ተጠልሎ አየው።

«እግዜር ይስጥህ፣ ወንድም ዓለም!»

«አሜን፣ እቴዋ» ብሎ እየበሰበሰ ወደ ታዛው መጣ።

ጓደኞቹ ቀበቶ ይሉታል። ጺሙ መንጋጋውን ይዞ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው፤ ጉንጩና ከንፈሩ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ሚስቱ «ግቢውን ጠርገህ አጥሩን ተውከው» እያለች ትስቅበታለች።

ለማማር ግን አላሳደገውም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲሞርድ ይውላል። የሲሚንቶው ብናኝ ከላብ ጋር ተለውሶ ሪዝ ላይ ስለሚደርቅ ሌላውን ይላጫል። የሄልሜቱ ማሰሪያ ግን ሻካራ ናይሎን ነው፤ የተላጨ ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ ማሰሪያው በሚያልፍበት ብቻ አሳደገ። ፈጣሪ በሰጠው ፀጉር ትራስ ሠራ፤ ተመስገን ብሎም ኖረ።

ከዚያ አዲሱ ኃላፊ መጣ።

«አንተ! ዘፋኝ ነህ ሠራተኛ? ይሄን የዱርዬ ጺም ላጨው!»

«ጌታዬ፣ ማሰሪያው እኮ...»

«ምክንያት አልፈልግም!»

የልጆች አባት ነውና ተላጨ። መንጋጋው ተልጦ መግል ቋጠረ። ማሰሪያውን ቢያላላ «ደንብ ጣስክ» ተብሎ ለአንድ ቀን ከሥራ ታገደ፤ ቢያጠብቅ ደማ። መልሶ አሳደገው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ነገ ተላጭተህ ካልመጣህ፣ ጭራሽ አትምጣ» ተባለ። ይህን የሚለው ሰው ሄልሜት የሚደፋው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ያውም ሳያስር! ፈጣሪ ሲያበቅለው ያላፈረበትን ፀጉር፣ እሱ አፈረበት!

ልስን የሚለስነው ባልደረባው ከታዛው ጥግ ተሳለቀ፤ «ቀበቶህን ፍታ ተባልክ አሉ! ሱሪህ እንዳይወልቅ!»

«ሳቅ አንተ! ያንተን ሱሪ የያዘልህ ዝምታህ ነው።»

ዝናቡ አባራ። ቀበቶ የጸሐፊውን ተላጭቶ የለሰለሰ አገጭ ትክ ብሎ አየ።

«ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ነኝ፣ ልጄ።»

«ለጊዜው ምንም አይጻፉልኝ።» ሄልሜቱን አራግፎ ዘረጋለት። «ይቺን አጥብቀው አስረው እስከ ማታ ይዋሉልኝ፤ ለእኔ ሌላ አለኝ። ነገ ጠዋት አለቃዬ ፊት አብረውኝ ይቁሙና መንጋጋዎን ያሳዩልኝ።»