ለፍሊፐሯ ዋጋ የቆረጥኩ ዕለት

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ናቲ ለቡ መብራት ኃይል ካለው ቤቴ መጥቶ፣ ምሳ እንኳ ሳይቀርብለት ስልኩን ደቀነብኝ። አሮጌ ፕሌይስቴሽን ሊገዛ ነው። ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆነው እዚሁ ለቡ፣ አዲስ ከሚሠሩት ፎቆች ሥር አንዲት ክፍል ተከራይተው ጌም ቤት ሊከፍቱ አስበዋል። የዕቃው ፎቶ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ተነስቶ ስልኩ ላይ ተደርድሯል።

«አክስቴ፣ አንቺ የኤሌክትሪክ ሰው ነሽ። ይሄ ስንት ቢባል ልክ ነው?» አለኝ።

እኔ ዕቃ መርምሪ ብባል እመረምራለሁ። ፊዩዝ ቀይሪ፣ ገመድ ቀጥዪ ብባል ዛሬም መነጽሬን አድርጌ እቀጥላለሁ። ዋጋ ቁረጪ ሲሉኝ ግን የተቀመጥኩበት ይቆረቁረኛል። ተነስቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ መስኮት ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ልጁ በዓይኑ ተከተለኝና «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ምንም ማለቴ ሐሰት ነበር። ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግን ዛሬም አያስቀምጠኝም።

ያኔ የምንኖረው መካኒሳ አቦ ነበር። አስፋልቱ ዋናው መንገድ ላይ ያልቃል፤ ወደ ሰፈር ሲገባ ጭቃ ነው። ክረምት ሲሆን እስከ አስፋልቱ በቦቲ እየሄድን፣ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዘን እዚያ ስንደርስ እንቀይር ነበር። እኔ ከሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ተመርቄ ሥራ ካጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ተቃርቧል። ሥራ ስጠይቅ «ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ ልትወጣ ነው?» ብለው ይስቁብኛል። ቁጭ ማለት ደግሞ የማይሆንልኝ ፍጥረት ነኝ። የቤቱን ሬዲዮ ፈትቼ ገጠምኩ፤ የጎረቤት ካውያ ፈትቼ ገጠምኩ፤ የሚፈታ ሲጠፋ የማይፈታውን መፍታት ጀመርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኔንም ፈትታ ትገጥመኛለች» ትል ነበር።

የናቲ አባት፣ ወንድሜ ግርማ፣ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የሚኒባስ ረዳት ነበር፣ ወያላ። ከበሩ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ድምፁን ከቤት ሆኜ ከሌሎቹ ለይቼ አውቀዋለሁ። በክረምት ዝናቡ የሚያበሰብሰው ከበሩ ውጭ የሚቀረውን ጎኑን ብቻ ስለሆነ፣ ቤት ሲገባ አንዱ ትከሻው ደረቅ፣ አንዱ እርጥብ ነው። ሳሉ ከሰኔ እስከ ጥቅምት አይለቀውም። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ከዚያ በር መውረድ።

ሰፈራችን ውስጥ ጋሽ ደሳለኝ የሚባሉ ከወላይታ የመጡ ሰው ቡና ቤት ነበራቸው። ጥግ ላይ አንዲት ፍሊፐር አለች። ላላየ ሰው፣ ፍሊፐር ማለት ረጅም እግር ያላት፣ መስታወት የለበሰች ተዳፋት ጠረጴዛ ናት። ስሙኒ ስታጎርሷት የብረት ኳስ ትሰጣችኋለች፤ ኳሷ ቁልቁል እንዳትገባባችሁ በግራና በቀኝ ባሉት ቁልፎች መቅዘፊያዎቿን እያንቀሳቀሳችሁ ወደ ላይ ትመታላችሁ፤ እሷ እየደወለች፣ እየበራች ነጥብ ትቆጥራለች። ይህችኛዋ ጣሊያን ሠራሽ ነበረች። ግንባሯ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ፈረስ ጋላቢ ተስላባታለች፤ የሴትዮዋ አንድ ዓይን ተልጧል።

ጋሽ ደሳለኝ ጌታን ከተቀበሉ በኋላ ቢራውን አቁመው ቤቱን ሻይና ፓስቲ ቤት አደረጉት። ፍሊፐሯ ግን ቀረች። «ኃጢአት እንኳ የለባትም፤ ጩኸቷ ነው ጸሎቴን የሚበጠብጠኝ» ይሉ ነበር። ግርማ ይህን እንደሰማ ልቡ ተነሳ። ፍሊፐሯን ገዝቶ፣ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ራሱን ችሎ ሊቀመጥ። ያጠራቀማት ብር ማሽኗን ከገዛች በኋላ የክፍሏን የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ መክፈል ነበረባት። አከራዩ ከዚያ ያነሰ አልቀበልም ብሏል።

ችግሩ ዋጋ የሚጠራ ጠፋ።

«ስንት ይሉኛል ጋሼ?» ይላል ግርማ።

«አንተ የሰፈሬ ልጅ አይደለህ? ያልከውን በል።»

«እርስዎ እያሉ እኔ ምን እላለሁ?»

«ኧረ እኔ ካንተ ጋር አልከራከርም!»

ይኸው ሦስት ሳምንት ፈጀ። የማይተዋወቁ ሰዎች ቢሆኑ በአምስት ደቂቃ ተሰዳድበው፣ ተስማምተው፣ ብር ተቀባብለው በተለያዩ ነበር። መተዋወቅ ነው ያስቸገረው። ግርማ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሳይሄድ ጎራ ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ፓስቲ ይበላል፣ የዝናቡን ነገር አንስቶ ይጥላል፣ ዋጋ ሳይጠይቅ ይወጣል። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። «እሺ?» ስለው «ነገ» ይለኛል። በመሃል ከሳሪስ አንድ ሰው መጥቶ ማሽኗን ዞሮ ዞሮ አይቷት ሄደ ሲባል፣ እኔ እንጀራ እንኳ አልዋጥልሽ አለኝ።

በመጨረሻ መላ የዘየዱት ጋሽ ደሳለኝ ናቸው። «እህትህ ጽጌ ቴፔን የሠራችልኝ ጊዜ ሳንቲም አልተቀበለችኝም። እሷ ማሽኗን ትይና ዋጋውን ትቁረጠው። ያለችውን እቀበላለሁ» አሉ። ግርማም «እኔም ያለችውን እቀበላለሁ» አለ። ከጎናቸው ሱቅ ያላቸው ጋሽ ከድር ምስክር ሆኑ። ሻጭና ገዢ ሲተፋፈሩ በሦስተኛ ሰው ማስቆረጥ የተለመደ ነው፤ ለዚያ የሚጠራው ግን ሽበት ያለው ሰው እንጂ ሃያ ዓመት ያልሞላት ሥራ ፈት ልጅ አይደለችም። ኩራቴን መደበቅ አልቻልኩም። ግርማ ነገሩን ሲነግረኝ ዝቅ አድርጊልኝ የሚል መስሎኝ ቆጣ ብዬ ጠበቅኩት። እሱ ግን «ልክ ልኩን በይ ብቻ» አለኝና ወጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ መረመርኳት። መስታወቱን አውርጄ ሆዷን በጋዝ በነከርኩት ጨርቅ ጠረግኩ። የመዳብ ጥቅሎቿ ደህና ናቸው፤ የአንዱ ልባስ ብቻ ጠቁሯል። ኳሷ የምትነጥርባቸው ላስቲኮች ግማሾቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። በፊዩዟ ቦታ የሲጋራ ፓኮ ብራማ ወረቀት ተጠቅልሎ ተሰክቷል፤ ቤት ሳይቃጠል መቅረቱ ተአምር ነው። አንዱ እግሯ አጥሮ ከሥሩ የታጠፈ ቆርቆሮ ተደርጎለታል። ጋሽ ደሳለኝ ሳልጠይቃቸው የሳንቲም ሳጥኗን ከፍተው የሳምንቱን ስሙኒ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልኝ። «ዳኛ የማታየው ነገር መኖር የለበትም» አሉ። ቆራሌው ለብረቷ ብቻ ስንት እንዳላቸውም ነገሩኝ።

የማውቀውን ሁሉ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። እንደ ቁርጥራጭ ብረት ብትሸጥ የምታወጣውን፣ በሳምንት የምታስገባውን፣ ለጎደላት የሚወጣውን። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ደመርኩ። ያሮጌ ዕቃ ልክ ዋጋ ማለት ሻጩም ገዢውም በነጋታው ሲያስቡት የማይቆጫቸው ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ዘጠኝ መቶ ብር መጣ። ብደምር ብቀንስ ዘጠኝ መቶ። በዚህ ዋጋ ግርማ ክፍሏንም ይከራያል፣ ላስቲኩንም ይቀይራል።

ቅዳሜ ጠዋት ተሰበሰብን። ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነው፤ ከበሩ ማዶ ሴትየዋ በቆሎ እየጠበሰች ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ጋሽ ደሳለኝ፣ ጋሽ ከድር፣ ግርማ ተቀምጠዋል። ሻይ የሚጠጡትም ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው ዞሩ። 

ጋሽ ከድር ለጨዋታ ብለው «እንግዲህ ዳኛዋ መጣች። ወንድም አለኝ ሳትል ትፍረድ!» አሉ።

ቤቱ ሳቀ። ግርማም ሳቀ። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ዘጠኝ መቶ ብል ነገ ሱቁ ደጃፍ የሚባለው ታየኝ። «ለወንድሟ ቆረጠች»፣ «ሥጋዋን አየች»። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው።

«አንድ ሺህ ሦስት መቶ» አልኩ።

 ጋሽ ደሳለኝ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው ዘጉት። ግርማ መሬት መሬት አየ። ጋሽ ከድር እጃቸውን አጨብጭበው «ቁርጥ ነው! ይቺ ናት ዳኛ፣ ለሥጋዋ የማታዳላ!» አሉ፤ ሻይ ጠጪዎቹም ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያ ምስጋና እንዴት እንደጣፈጠኝ ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ግርማ «ይሁን» አለ፤ ቃሉን ሰጥቶ ነበርና።

ማሽኗን ገዛት፣ ክፍሏ ቀረች። ፍሊፐሯ ሳሎናችን ገባች። የሰፈር ልጆች ጭቃ ይዘው እየገቡ አባታችንን ቢያስመርሩት በሳምንቱ ወደ በረንዳ ወጣች፤ ዝናብ እንዳይመታት ፕላስቲክ አለበስናት። በረንዳ ላይ ማን መጥቶ ይጫወታል? ግርማም ከሚኒባሱ በር ሳይወርድ ቀረ። ሁለት ዓመት። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጠዋት ጠዋት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ስሰማ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ አንድ ነገር መፍታት እጀምራለሁ። «ምነው እንዲህ አደረግሽ?» ቢለኝ ደረቴ ቀለል ይለኝ ነበር። አላለኝም። እኔም ሥራ አገኘሁ፤ እሱም ቆይቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ማሽኗን ለአንድ የክፍለ ሀገር ሰው ሸጣት። በስንት እንደሸጣት ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ከዚያች ቅዳሜ ዓመት ያህል ቆይቶ ጋሽ ደሳለኝ መንገድ ላይ አስቁመውኝ ነበር።

«ጽጌ፣ እኔ እኮ ስምንት መቶም ብታደርጊው ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስተሻል ልበልሽ? እኔው ሾሜሽ እኔው ላዋርድሽ?»

«ብሩን እንኳ ለብቻው ቢመልሱለት?»

«ሞከርኩ። አልቀበል አለኝ። ‹እህቴ የቆረጠችውን እኔ አልሽርም› አለኝ» አሉና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ሦስታችንም ዋጋው ልክ እንዳልሆነ እናውቅ ነበር። ሦስታችንም ደህና ሰዎች ነን። እርስ በርስ ላለመዋራረድ ተጠነቃቅቀን አንድ ሰው የሚኒባስ በር ላይ ሰቀልን።

ይህን ሁሉ እሑድ ዕለት ለናቲ ነገርኩት። ከዚያ ስልኩን ተቀብዬ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። አየር ማስወጫዋ በአቧራ ተደፍኗል፣ አንዱ መጫወቻ ቁልፉ ተበልቷል። «ሻጩ ከጠራው ዋጋ ላይ አራት ሺህ ብር ይቀነሳል። ለሰውየው እንዲሁ ንገረው» አልኩት።

ናቲ ጭንቅላቱን አከከ። «አክስቴ፣ ልጁ እኮ የጓደኛዬ ወንድም ነው። ይደብራል» አለኝ።

እኛ ይሉኝታ የምንለውን እነሱ ይደብራል ይሉታል። በገዛ አባቱ ላይ የሆነውን እየሰማ ውሎ መልሱ ይኸው ነው። ተናደድኩ፤ በልጁ አይደለም። ልክ ዋጋ ማወቅ ያኔም ከሁለት ቀን በላይ አልፈጀብኝም፤ ያላወቅኩበት ጮክ ብሎ መናገሩን ነው። በያዝኩት ስልክ ለግርማ ደወልኩ።

«ናቲ?» አለ። ከኋላው የቴሌቪዥን ኳስ ይሰማል።

«እኔ ነኝ። ግርማ፣ የፍሊፐሯ ዋጋ ዘጠኝ መቶ ነበር። ደምሬው ነበር። ሰው ፈርቼ ነው የጨመርኩት።»

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተቀነሰ። 

«ዘጠኝ መቶ ብለሽ ቢሆን» አለ ድምፁ ሳይለወጥ፣ «ሰው ሁለት ቀን ያማሽ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ተንጠለጠልኩ።»

«አዎ» አልኩት። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

እኛ ቤት እንዲህ ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። «ኧረ ምን ሆነና! ተይው ባክሽ» ነው። እንደዚያ ቢለኝ ኖሮ እሱም እኔም ምንም እንዳልተባባልን ሆነን ሌላ ሠላሳ ዓመት በቀጠልን ነበር። የፈራሁትም ይህንኑ መልስ ነው።

ግርማ ግን ተይው አላለኝም። ትንፋሹን ሰማሁት፤ ከዚያ «እሺ» አለኝ። «እሺ ጽጌ። አድርጌልሻለሁ።»