ጠፍሩ የተቆረጠለት ጠብመንጃ

ለዒላማ ያቆምነውን ጀሪካን ከገደሉ ሥር አንስቼ እየሮጥኩ ስመለስ አባቴ ገና ከሩቁ «ስንት ቦታ ተበሳ?» ብሎ ጮኸ። ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። የተኩስ ድምፅ በጣም ነው የምፈራው፤ ይሄው መሽቶም ይሄን ስጽፍ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል።

አባቴ ደሳለኝ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ አናጢ ነው። በርና አልጋ ይሠራል፤ የጠብመንጃ እንጨት የተሰበረበትም ወደሱ ነው የሚመጣው። ሥራ ሲቀናው ያፏጫል፣ ሲጨንቀው ዝም ይላል።

ሰሞኑን ፉጨቱን ያስተወው አንድ ጠብመንጃ ነው። የድሮ ደንበኛው ጋሽ አበባው ከውርጌሳ ያችን ቀላል የአደን ጠብመንጃቸውን ይዘው መጡ።

«ከርከሮ ማሽላዬን ጨረሰው» አሉ። «የመጀመሪያዋ ጥይት ደህና ትሄዳለች። ሁለተኛዋ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛዋማ ወደ ጎረቤት!»

«ያረጀው ዓይንዎ እንዳይሆን?» አላቸው አባቴ።

«ከሚስትህ ወጥ ውስጥ ሥጋ ፈልጎ ያገኘ ዓይን ነው አረጀ የምትለው?»

አባቴ በብረቱና በእንጨቱ መሀል ወረቀት ሊያሾልክ ሞከረ፤ አልገባም፤ ብረቱ እንጨቱን መንካት አልነበረበትም። ከዛ ጠፍሩን አየ። ለልጃቸው ሰርግ የታረደው በሬ ቆዳ ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር በእርጥብ ቆዳ ጥፍንግ አድርጎ የጠፈረው ራሱ አባቴ ነበር፣ ለጌጥ ብሎ። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ ብረቱን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ሲተኮስና ሲግል ደግሞ ይብስበታል።

«መቆረጥ አለበት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«የሰርጉን በሬ? ቆርጠኸው ባይመታሳ? ማሽላውም ቆዳውም ሊቀርብኝ ነው?»

«ካልመታ እኔው ማሳዎት ላይ ቆሜ ከርከሮ አባርራለሁ።»

ጋሽ አበባው ሳቃቸው መጣ። «አንተንማ አይቶ ይሸሻል። ቁረጠው በቃ!»

ቆረጠው። ወረቀቱ እስኪሾልክ ድረስ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ የላላውን ብሎን አጠበቀ። ከቆዳውም ማንገቻ ሠራላቸው።

ዛሬ ገደሉ ጋ ሄድን። ጋሽ አበባው ብረቱ ሳይበርድ ሦስቴ አከታትለው ተኮሱ። ጆሮዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ጀሪካኑን ሳቀብላቸው ሦስቱም ቀዳዳ አንድ ላይ ነው። መዳፋቸውን ቢያሳርፉበት ሁሉንም ሸፈነው።

«አየህ ዓይኔን!» አሉት። አባቴ ማፏጨት ጀመረ።

አሁንም ጓሮ ሆኖ እያፏጨ በር ይልጋል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ጀሪካን ግን ቆሞ ይጠብቃል፣ ከርከሮ አይጠብቅም። ነገ ጋሽ አበባው ማሳቸው ዳር ሊያድሩ ነው። ይምቱት አይምቱት እኔ አላውቅም።