ባልዲው የተቆረጠበት በር

ካዛንቺስ ስንኖር ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ የካሴትና የፊልም መሸጫ ነበር። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ወደ መንገድ አዙሮ ገና ያልወጡ ፊልሞችን ማስታወቂያ ያሳያል። አንድ ቀን ከሰዓት ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች።

"አንቺ፣ ልጅሽ ቴሌቪዥን ላይ ናት፤ ቶሎ ነይ!"

ልጄ ፊልም እየሠራች እንደሆነ አውቃለሁ። "የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ነው የምጫወተው" ብላኛለች። ያየሁት ግን ሌላ ነው። ልጄ የሆቴል ክፍል ከፍታ ገባች። ጨለመ። አንድ ሽበታም ሰውዬ ኮቱን አወለቀ። ጨለመ። ልጄ ታለቅሳለች። አለቀ።

"ውይ፣ በሞትኩት!" አለች ጎረቤቴ፣ ፊልሙን ትታ እኔን እያየች።

ያለ አባት ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ በዚያ ሁሉ ሆቴልና መጠጥ ቤት መሀል ስትወጣ ስትገባ እየፈራሁ ነው የኖርኩት። እንደመጣች "ዋሸሽኝ" አልኳት።

"እማዬ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው! ሰው እንዲጓጓ ነው እንደዛ የሚቀጣጥሉት።"

"በዓይኔ ያየሁትን?"

"በቃ፣ ካላመንሽኝ የሠራውን ሰውዬ ሄደሽ ጠይቂው።"

ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአራተኛው ሄድኩ። የሚሠራው ላንቻ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ፊልሙን የሚቀጣጥለው፣ ኤዲተር የሚሉት፣ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው፤ የማን እናት እንደሆንኩ ስነግረው ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩት ሴት ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጥኩ።

"ያ ሰውዬ ልጄን ምን እንደሚያደርጋት አሳየኝ።"

"እሱ? ሐኪም እኮ ነው፣ እማማ። ኮቱን የሚያወልቀው ጋውን ሊለብስ ነው። ከልጅዎ ጋር አንድም ቀን አልተገናኙም።"

"ለቅሶውስ?"

"ፊልሙ ላይ አባቷ ሞቶባት።"

"ታዲያ ማን አገናኛቸው?"

"እኔ" አለ እየሳቀ። በመሀል ያስገባውን ጥቁር ነገር አንስቶ አሳየኝ። ለካ የሁለቱ ግድግዳ እንኳ አይመሳሰልም። "ጨለም ካደረግኩት ተመልካቹ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል" አለኝ። እኔ ምን እንደሞላሁበት አልነገርኩትም።

"በሩን የከፈተችበትን መልሰውማ። ካቆምክበት ቀጥለው።"

ልጄ በሩን ከፈተች፣ ገባች፤ ቀኝ እጇ ከበሩ ጀርባ ብቅ አለ። ሰማያዊ ባልዲ ይዛለች፣ መወልወያው ውስጡ ቆሟል። ማስታወቂያው የሚቆረጠው ባልዲው ሊታይ ሲል ነው!

"ይቺን ለምን ቆረጥካት?"

"ባልዲ ከታየ ማን ፊልም ይገባል?"

"እስቲ አስገባውና ልየው።"

አስገባው። እውነቱን ነው፣ ልብ አይሰቅልም። ልጅት ወለል ልትወለውል ገባች፣ በቃ።

"ጨለማውን ትንሽ ብታዘገየውስ?" አልኩት።

"እማማ፣ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው እንዴ?"

አንዴ ያለ ባልዲ፣ አንዴ ከነባልዲው፣ ስንቴ እንዳስመለስኩት እንጃ። የመጣሁበትን ፍርሃት ረስቼ ባልዲው የሚገባበትን ቦታ ስፈልግ ዋልኩ።

ቤት ስደርስ ልጄ ፊቷን አዙራ ልብስ ታጥፋለች።

"ባልዲሽን አየሁት" አልኳት። "ሰማያዊ ነው። ይቅር በይኝ።"

ዞረች። "ክብደቱ! ውሃ ሞልተው ነው ያሸከሙኝ፤ አስር ጊዜ አስገቡኝ።"

"እንዴት አድርገሽ ነው የገባሽው? አሳዪኝ።"

የቤታችንን ባልዲ አንስታ ወጣች፤ በሩን ዘጋች። ከዚያ ከፍታ ገባች። ባልዲውን መሬት እስክታስቀምጥ ድረስ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት።