በቅሎ እያላቸው በእግራቸው የሄዱት ጠበቃ

እስቲ ከደብረ ወርቅ ወደ ቢቸና በሚያመጣው መንገድ ላይ ላብ አጥምቋቸው የሚመጡትን እኒያን ሰውዬ ተመልከቱ። አጠር፣ ደልደል ያሉ ናቸው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው መሐረብ ይዘዋል። ከፊታቸው ዳማ በቅሎ በሙሉ ኮርቻ፣ በሙሉ ልጓም በአሽከር ትሳባለች። ኮርቻው ላይ ግን ማንም የለም። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል።

«በቅሎዋ ታማ ይሆን?» ይላል አንዱ።

«እሳቸው ናቸው አሉ የታመሙት።»

«የታመመ በቅሎ ላይ ይወጣል እንጂ ይወርዳል እንዴ?» ብሎ ሦስተኛው ያስቃቸዋል።

ይሳቁ። በእኛ አገር ሰው በገዛ እግሩ ሲሄድ ይሳቅበታል፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ሲሞት ግን ይከበራል። ቦርጭ ሹመት ነው፤ ላብ ውርደት ነው። ይኸን የሚያስተካክል አዋጅ እስካሁን አልወጣም።

ሰውዬው አቶ ቢሆነኝ ይባላሉ። ቢቸና ተወልደው ቢቸና ያደጉ ጠበቃ ናቸው። በቢቸናም በሞጣም ፍርድ ቤት ድንበሩ የተገፋበት፣ ውርሱ የተካደበት ሁሉ እሳቸውን ይዞ ይቆማል። ከድሃ ገንዘብ አይቀበሉም። ድሃውም ባዶ እጁን አይመጣምና ምስጋናውን በቅቤ ያመጣል። እንግዲህ በእኒህ ሰው ጥብቅና ስንት ባልቴት መሬቷን እንዳስመለሰች ማወቅ የፈለገ የቅቤውን ቅል ማየት ይበቃው ነበር። ደግነታቸው ተመልሶ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል።

የጎጃም ገበሬ በአዲሱ ግብር የተነሣበት ግርግር ከበረደ በኋላ ነው፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት። ለይግባኝ ነገር አዲስ አበባ ሄደው የፍርድ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዛቸው። ሰው ደግፎ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምሮ ሲያበቃ እንዲህ አላቸው፤

«ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል። ኮሌስትሮል ይባላል። የልብዎን የደም ሥር እያጠበበው ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ግን ራስዎ ይሞክሩት። ቅቤና ጮማ ይተዉ፣ በእግርዎ ይሂዱ። በዚያ ካልወረደ መድኃኒቱን እንጀምራለን።»

አቶ ቢሆነኝ ሌላ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ስቀው ይወጡ ነበር። ነገር ግን ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ነበሯቸው፤ ሁለቱም ሽበት ሳይበዛባቸው አልፈዋል። አንደኛው በልጁ ሠርግ ላይ ጥሬ ሥጋ ጎረድ እያደረገ ሳለ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሁለተኛው ከበቅሎው ላይ ሳይወርድ ሞተ። አገሩ «ዓይን ነው የበላቸው» አለ። አቶ ቢሆነኝ ግን «ዓይን የሚባል ተከሳሽ ችሎት ሲቀርብ አላየሁም» ይሉ ነበር። የወንድሞቻቸውን ቃሬዛ በትከሻቸው የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ቢቸና ሲመለሱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። እዚያ ኑሩ የሚባል ጎንደር የተማረ፣ ወሎ የተወለደ ወጣት ሐኪም ተመድቦ ነበር። ሰውነቱ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ስለሆነ ከተማው «ራሱን ያላከመ» እያለ ያማዋል። ኑሩ ነገሩን በሚገባቸው መንገድ አስረዳቸው።

«አቶ ቢሆነኝ፣ በብርድ ጠዋት የቅቤ ቅል አይተው ያውቃሉ? ቅቤው አፉ ላይ ረግቶ ይዘጋዋል አይደል? የልብዎም የደም ሥር እንደዚያ ይመስላል እንግዲህ።»

«ታዲያ ቅሉን እሳት ዳር ያስጠጉታላ።»

«እሳቱ እግርዎ ነው። ይሂዱ።»

«እስከ የት?»

«ሞጣ ቀጠሮ የለዎትም?»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ወዲያው ሁዳዴ ገባና ቅቤውም ሥጋውም በራሱ ቀረ። ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ ተልባው ተተካ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሰግዳሉ፤ ሞጣ ሲሄዱ ሽቅቡን በእግራቸው ይወጣሉ። አሽከራቸው ማናዬ በቅሎዋን እየሳበ ይቀድማል። ፋሲካ ሳይደርስ ቀበቷቸው ላላ፤ ደረታቸውም ተዋቸው። ኑሩ ደስ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ማናዬ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ሄዷል፤ ቅቤም የሚያየው በዓመት በዓል ነው። እሱ ደረቱን አይዘውም። ይኸን ሰምቶ «ድህነት ጤና ነው» የሚል ጌታ ካለ አፉን ይያዝ። ማናዬ የሚሞትበት ሌላ ብዙ ነገር አለ። እኔ የምለው፣ ለአንዱ የተረፈውና ለሌላው የጎደለው አንድ ሌማት ላይ ቢቀርብ ሁለቱም ይሽራቸው ነበር ነው።

ፋሲካ ሆነ። ችግሩም አብሮ መጣ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ሥርዓት ነው። አገሩ በሙሉ በቅቤ ሲዋኝ አቶ ቢሆነኝ ሽሮ ሊበሉ?

ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ባለቤታቸው፣ ይኸን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፉ። «በበዓለ ሃምሳ ለባሏ ሽሮ የምታቀርብ ሴት ተብዬ ልነሣ? ጎረቤት ምን ይላል? ቅቤው ነጠፈባት አይለኝም? ደግሞስ የእስላም ሐኪም ጾም አስረዘመባቸው ሲሉ አልሰሙም?»

ነገሩ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ወልደ ሰንበት ደረሰ። መምሬ ወልደ ሰንበት ክርክሩን የሰሙት ዶሮ ወጥ ፊታቸው ቀርቦ ነው። የፈረሰኛውን ብልት ጨርሰው አጥንቱን አስቀመጡና ጠየቁ።

«ልጄ፣ ሰዓት ትጠብቃለህ?»

«አልጠብቅም አባ። ጠዋት ነው የምበላው።»

«ስግደት ትሰግዳለህ?»

«ትቻለሁ።»

«እንኪያስ ምኑ ጾም ሆነ? ቅቤ ብሉ የሚል ሕግ አላነበብሁም። ሽሮህን ብላ፤ በቅቤው እኔ አለሁልህ» አሉና እጃቸውን ታጠቡ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ እሺ ማለት አለመሆኑን አቶ ቢሆነኝ ማወቅ ነበረባቸው፤ ከተጋቡ ጀምሮ የተሸነፉት በዚያ ዝምታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሽሮው በየቀኑ ቀረበ። አቶ ቢሆነኝ ተደነቁ። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ሽሮ በልተው አያውቁም። «ይርጋነሽ፣ እጅሽ ተባረከ» ይላሉ። ሞጣ ችሎት ደጃፍ ላይ እንኳ ባለጉዳዩን ሰብስበው ይሰብካሉ፤ «ያለ ቅቤ እንዲህ የሚጣፍጥ ከሆነ አባቶቻችን ስንት ዘመን ተሞኙ።» ሰዉ «እውነትዎን ነው» ይልና ዘወር ብሎ ይስቃል።

ነገር ግን ቀበቶው መላላቱን አቆመ። ደረታቸውም ሽቅብ ላይ እንደገና ያዝ ያደርጋቸው ጀመር። ኑሩ ግራ ገባው።

«በእግርዎ ይሄዳሉ?»

«ማናዬን ጠይቀው። በቅሎዋ ሥራ ፈታች።»

«ምን ይበላሉ?»

«ሽሮ። ቅቤ ያልነካው ሽሮ።»

ሐኪሙ አገጩን ይዞ አሰበ። «እንግዲያስ በእርስዎ ላይ ምግቡ አልበቃም ማለት ነው። ከሞጣ ሲመለሱ ለመድኃኒቱ አዲስ አበባ እልክዎታለሁ።»

አቶ ቢሆነኝ መድኃኒት አልጠሉም። የፈሩት ሌላ ነው። ቅቤውንም ትተው፣ መንገዱንም ሄደው ካልወረደላቸው፣ ወንድሞቻቸውን የወሰደው ነገር እሳቸውንም ሊወስድ ቆርጧል ማለት ነው ብለው አሰቡ። ሞጣ ደርሰው ተሟግተው ሲመለሱ በልባቸው ያለው ይኸው ነበር።

የግንቦት ፀሐይ ከረረ። ካባቸው ከበዳቸው። አውልቀው ኮርቻው ላይ ደለደሉትና ማናዬን «አንተ ቅደም፤ ወንዙ ዳር መስኩ ላይ አግጣትና ጠብቀኝ፤ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» አሉት። ማናዬ ቀደመ።

እንግዲህ የአገራችንን ሥርዓት የሚያውቅ የተሠራውን ስሕተት ወዲያው ያያል። ባለ ስም ሰው ሲሞት በቅሎው ተጭና፣ ልብሱ ኮርቻዋ ላይ ተደልድሎ፣ በአሽከር እየተሳበች ለቅሶ ትወጣለች። እንዲህ ያለች በቅሎ የሚስብ ሰው ደግሞ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ከወዲያኛው ተረተር ላይ ደስታነሽ የምትባል የቢቸና ሴት ከዘመድ ቤት ስትመለስ ይኸን አየች። በቅሎዋን አወቀች። ካባውን አወቀች። ወንድሞቻቸው እንዴት እንደሞቱም ታውቃለች። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ በአቋራጭ ወደ ከተማ ገባች።

አቶ ቢሆነኝ ወንዙ ዳር ማናዬን አግኝተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ጥላ ሥር አርፈው፣ ቢቸና መግቢያ ሲደርሱ ጩኸት ሰሙ። ጆሯቸውን ሰጡት። ከገዛ ግቢያቸው ነው።

«ማናዬ፣ የእኔ ቤት ነው?»

«የእርስዎ ቤት ይመስላል ጌታዬ።»

ይርጋነሽ ሞታለች አሉ በልባቸው። ከዘራውን ጣሉት። ዳገቱን ያ ወፍራም ሰውዬ በሩጫ ወጣው ቢባል ማን ያምናል? ማናዬ በቅሎዋን እየጎተተ ሊደርስባቸው አልቻለም። መካከል ላይ ደረታቸውን ያዝ አደረጋቸው፤ ቆም አሉ፤ ተነፈሱ፤ እንደገና ሄዱ። አልጣላቸውም። አጥራቸው ጋ ሲደርሱ የአልቃሿን የወለተ ሥላሴን ድምፅ ለዩት፤

ሞት ከሰሰው አሉ ያለ አንድ ቀጠሮ፣
ይግባኝ የሌለበት ፍርድ ሰጠ ዘንድሮ።

ክሱ የማን እንደሆነ ገባቸው። ደግሞ የሚስታቸውን ድምፅ ሰሙ፤ በሕይወት አለች። አጥሩን ተደገፉ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን እየደቁ ይናገራሉ፤

«የገደልኋቸው እኔ ነኝ። እናንተ ዓይን አትበሉ፣ ቡዳ አትበሉ። እሳቸው ቅቤ አልበላም እያሉ በየቀኑ ሽሮው ውስጥ እየጨመርሁ ያበላሁ እኔ ነኝ። ጣፈጠኝ ሲሉኝ ማዶ ዞሬ እስቅ ነበር። እኔን ውሰዱኝ፤ እኔን እሰሩኝ።»

ከወንዶቹ ረድፍ ራሱን ደፍቶ የተቀመጠው ኑሩ ቀና አለ።

አቶ ቢሆነኝ በሩን ገፍተው ገቡ። መጀመሪያ ያየቻቸው ወለተ ሥላሴ ናት፤ ግጥሙ አፏ ላይ ቀረ።

«ይግባኝ ብያለሁ» አሉ አቶ ቢሆነኝ።

የሮጠ ሮጠ፤ ያማተበ አማተበ። መምሬ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ዘርግተው ቀረብ ብለው ዳሰሷቸውና «ሥጋ ነው፤ ያውም ብዙ ሥጋ» አሉ። ያኔ ሳቁ ፈነዳ። ከሳቁ መሐል ሁለቱ ባልና ሚስት ብቻ አልሳቁም።

«ሽሮው ውስጥ?» አሉ አቶ ቢሆነኝ።

«ሽሮው ውስጥ።»

«ሁልጊዜ?»

«አንድም ቀን አልቀረ።»

«ታዲያ እኔ ሞጣ ችሎት ደጃፍ የሰጠሁት ሁሉ የሐሰት ምስክርነት ነው?»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ዕንባቸውን ጠረጉ። «ቤትዎ እንዳይታማ ብዬ ነው። ቅቤ ሳላቀርብልዎ ብውል እኔን ምን ያሰኘኛል? ፍቅሬን በምን ላሳይዎ?»

አቶ ቢሆነኝ መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እፈራለሁ ይርጋነሽ። ለሰው እየቀለድሁ ነው የምናገረው እንጂ ማታ ማታ የወንድሞቼ ቃሬዛ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል። ያንቺን እጅ አምኜ ነው የበላሁት።»

ይኸን ቃል ከዚያ በፊት ለማንም ተናግረውት አያውቁም። ወይዘሮ ይርጋነሽ እጃቸውን ያዙ። በሰው ፊት የባል እጅ መያዝ በዚያ አገር የለም፤ ያዙ። ኑሩም ቀረብ አለ።

«እንግዲህ መድኃኒቱ ይቆየን» አላቸው። «ምግቡን መች ሞከርነው ገና?»

ከዚያ በኋላ የሆነው የወይዘሮ ይርጋነሽ ሥራ ነው። ቅቤው ለደጀ ሰላምና ለማናዬ ቤት ተከፈለ። ሽሮውን ያለ ቅቤ ለማጣፈጥ ሴትዮዋ ያልሞከሩት ቅመም የለም። መጀመሪያ ሰሞን «ይኸ ነው እንዴ እውነተኛው?» እያሉ አቶ ቢሆነኝ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ወይዘሮ ይርጋነሽ እስከ ከተማው ዳር በእግራቸው ይሸኟቸዋል፤ ሲመለሱም እዚያው ወጥተው ይቀበሏቸዋል። ጎረቤት አማቸው፤ ሐሜቱ ሰለቸውና ተወ። በዓመቱ አዲስ አበባ ሄደው ደማቸው ሲመረመር ስቡ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳይጽፍላቸው «እንደዚሁ ይቀጥሉ፤ ምርመራውን ግን አይተዉ» ብሎ አሰናበታቸው። ዛሬም ሞጣ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ዛሬም ይሳቅባቸዋል።

እኔ ግን የምቆጣው በእናንተ ነው፤ በራሴም ጭምር። ስንቱን ወንድማችንን «በሞቴ» እያልን አጉርሰን፣ ስንቱን «ይቺን ብቻ» እያልን ደፍነን ቀብረነው በዓይን አሳብበናል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልለምንህ፤ አንቺንም እህቴ ልለምንሽ። ከማዕዳችሁ ላይ ሰው «በቃኝ» ሲል እመኑት። እጃችሁንም መልሱ።