ክብ ውስጥ የገባ እግር

እህል በረንዳ ሙናዊርን የማያውቅ የለም። ሚዛን ላይ ሃያ ዓመት ቆሟል። ሐሜት እንደ እሳት ይፈራል፤ ለወንድሙ ጤፍ ሲመዝን “አዳላ” እንዳይባል ትንሽ ያጎድልበታል እያልን እናሾፍበታለን። እሱ ግን አይስቅም። እኔ ጫማ ሻጩ ማስረሻ ወዳጁ ነኝ፤ ይሄ ነገሩ ግን ያናድደኛል። ሐሜት መፍራትና ሐቀኝነት ለየቅል ናቸው።

እሁድ እሁድ ከሲኒማ ራስ አለፍ ብላ ባለች የሲሚንቶ ሜዳ የሰፈር ሴቶችን ቅርጫት ኳስ ይዳኛል፤ እኔ ነጥብ እመዘግባለሁ። ሁለተኛ ዳኛ የለንም። ሁለት ልጆች አንድ ኳስ ጨምድደው ከያዙ፣ እንደ ድሮው፣ መሀል ሜዳ ባለው ክብ ውስጥ ወደ ላይ ይወረውርላቸውና ይዘላሉ። ከዘላዮቹ አንዷ ኳሱን እስክትነካ ድረስ የቀሩት ስምንቱ ከክቡ ውጭ መቆም አለባቸው። ከእነሱ አንዷ ቀድማ እግሯን ካስገባች ኳሱ ለተቃራኒ ይሰጣል። ከሁለቱም ቡድን እግር ከገባ ግን ውርወራው ይደገማል።

ባለፈው ጥቅምት ፍጻሜው ደረሰ። የሙናዊር ልጅ ሱንዱስ በአንደኛው ቡድን ትጫወታለች። “ሌላ ዳኛ ፈልጉ” ብሎን ነበር፤ ፈልገን አጣን። በዚያ ላይ የአንድ ክለብ አሰልጣኝ አንዲት ልጅ ሊመርጥ መጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሱንዱስ ለዚህች ቀን ሁለት ዓመት ለፍታለች። ሱቅ ሳይከፈት ስትሮጥ የማያያት ነጋዴ አልነበረም።

ነጥቡ እኩል ሆኖ አስር ሰከንድ ሲቀር ሁለት ልጆች ኳሱ ላይ ተጣበቁ። ሌሎቹ ክቡን ከበቡ። ሱንዱስ ከተቃራኒዋ ከሩታ ጎን ቆመች። ሙናዊር ኳሱን ወረወረ። ብቸኛ ዳኛ የሁሉንም እግር ማየት አለበት፤ የእሱ ዓይን ግን የልጁ የሱንዱስ እግር ላይ ተተክሎ ነበር። የሩታ እግር ክቡ ውስጥ ገባ። ወዲያው የሱንዱስም ተከተለ። ኳሱን ገና ማንም አልነካውም። ፊሽካው ጮኸ።

“ሱንዱስ! ቀድመሻል፤ ኳሱ የነሱ ነው!”

“ኧረ አባ...”

“ሜዳ ላይ አባት የለሽም!”

ሰዉ በጭብጨባ ተነሳ። “ዳኛ ማለት እንዲህ ነው!” አሉ። ወንዝ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ እኔ ግን ያየሁትን ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እነ ሩታ ኳሱን ወስደው አገቡና አሸነፉ። አሰልጣኙም ሩታን መረጠ።

ከዚያ ወዲህ ሱንዱስ ሜዳ አልመጣችም። ከአባቷ ጋርም ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበራትም። ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል ሰነበትኩና ሚዛኑ ጋ ሄጄ ነገርኩት።

“የሩታም እግር ገብቶ ነበር። እንዲያውም የቀደመችው እሷ ናት።”

“ወላሂ በል!”

“እውነቴን ነው።”

“ታዲያ ያን ጊዜ ምን ዘጋህ፣ ማስረሻ?”

የያዘውን ጆንያ አስቀመጠና “ተነስ፣ አንተም ፊቷ ትናገራለህ” ብሎ ቤቱ ወሰደኝ። ሱንዱስ ልብስ እያጠፈች ነበር።

“ልጄ፣ የሩታን እግር አላየሁም። በድዬሻለሁ፤ አፉ በይኝ” አላት።

“አውቃለሁ፣ አባ። አጠገቤ ነበረች እኮ።”

“አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?”

የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች።

“ልናገር ቀና ስል ሰዉ ያጨበጭብልሃል፤ አንተም ፈገግ ብለሃል። በእኔ ምክንያት ደስ ብሎህ ያየሁህ ያን ቀን ብቻ ነው።”