ጀማል ያላየው ባንዲራ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ሳታውቀው ሞተች። ለነፍስ አባቴ ስንትና ስንት ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ወይ ሳል ይይዘኛል፣ ወይ ሌላ ኃጢአት ትዝ ይለኛል። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ የምጽፈው ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ፈሪ ነኝ፤ መጀመሪያ ይህን እወቁልኝ።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ የባቡር ምልክት ሰጪ ነበርኩ። ሐዲድ ዳር ቆሜ በአረንጓዴ ባንዲራ እለፍ፣ በቀይ ቁም እላለሁ። ከተማው ውስጥ የብስክሌት ውድድር ሲዘጋጅ ደግሞ የሚጠሩት እኔን ነው። «ባንዲራ ከሆነማ አሰፋ ይያዘው» ይባል ነበር። ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር፤ አልዋሽም።

ውድድሩ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ሃያ ጊዜ መዞር ነው። አንዱ ኩርባ ላይ የግቢ አጥርና ትልልቅ ዛፎች መንገዱን ይጋርዱታል። ከኩርባው ወዲያ ሰው ቢወድቅ ከኋላ እየበረረ የሚመጣው አያየውም። እኔን እዚያ ያቆሙኝ ለዚህ ነው። ሰው ሲወድቅ ቀዩን አነሣለሁ፣ የሚመጡት ፍሬን ይይዛሉ። ሌላ ምንም ሥራ አልነበረኝም።

ከተወዳዳሪዎቹ ሁለቱን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ታደሰ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጀማል መጋላ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል። ሁለቱ አንድ የጎማ መንፊያ ለሁለት ይዘው፣ ማለዳ ማለዳ ወደ ዋሂል በሚወስደው መንገድ አብረው የሚለማመዱ ጓደኛሞች ነበሩ። ጀማል በየዙሩ አጠገቤ ሲያልፍ «ጋሼ!» ብሎኝ ነበር የሚያልፈው።

ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ዙር ሲቀረው፣ ሲጠበቁ የቆዩት የመንግሥት እንግዳ መጡ። መድረኩ ከእኔ ኩርባ ፊት ለፊት ነበር። በድምፅ ማጉያው «ጭብጨባ!» ተባለ። ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ መድረኩ አዞረ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጥግ ላይ ቆሞ ዓይኑን በሕዝቡ ላይ ያንከራትታል። ባለፈው ሳምንት ከስብሰባ ቀርቼ «የት ነበርክ?» ተብዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ስለዚህ ሁለቱንም ባንዲራዎች ብብቴ ሥር ሸጎጥኩና አጨበጨብኩ።

እኔን ለይቶ አጨብጭብ ያለኝ አልነበረም። ባንዲራ የያዘ ሰው ለምን አላጨበጨበም ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? በደርግም በሊቀመንበሩም ላሳብብ እችል ነበር፤ ብዙ ሰው በእነሱ ስንቱን አሳብቧል። እኔ ግን ሳጨበጭብ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው ያጨበጨብኩት። ዓይኑ እኔ ጋ እስኪደርስ እየጠበቅሁ ነበር።

ታደሰ የወደቀው ያኔ ነው። መንገድ ዳር የተከማቸው አሸዋ የፊት ጎማውን አንሸራተተው። አየሁት። እዚህ ላይ ደግሜ ልናገር፦ ሲወድቅ አየሁት። አይቼውም አጨበጨብኩ። ሁለት ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ አላውቅም፤ ግን አጨበጨብኩ። ባንዲራውን ከብብቴ ለማውጣት ስታገል ጀማል ከኩርባው ብቅ አለ። ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘም። በታደሰ ላይ ወጣበት። የታደሰ ዳሌ ተሰበረ፤ ዛሬም የሚሄደው በምርኩዝ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብን። ጀማል አንድ እጁ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ ነበር። ገና ስንገባ አንደኛው «አሻጥር» የሚለውን ቃል አነሣ። የዚያን ዘመን ሰው ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። እስር ቤት ወይም ጥይት ነው።

«ጓድ አሰፋ፣ ቀይ ባንዲራ አሳይተዋል?»

«አሳይቻለሁ።»

«ታዲያ ተወዳዳሪው ለምን አልቆመም?»

«እኔ እንጃ። አሳይቼው አለፈኝ።»

የሚያጋልጠኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም መድረኩን ነበር የሚያየው፣ የሊቀመንበሩም ዓይን እኔ ጋ አልደረሰም ነበር። ጀማል ባንዲራ እንዳላየ ተናገረ። «ታዲያ ጓድ አሰፋ ዋሽተዋል ነው የምትለው?» ሲሉት ዞሮ አየኝ። ያኔ እንኳ አፌን መክፈት እችል ነበር። ለምን አልከፈትኩም?

«ጋሽ አሰፋማ አይዋሽም» አለ ጀማል። «አሳይቻለሁ ካለ አሳይቷል።»

ዳግመኛ እንዳይወዳደር ተወሰነበት።

በሳምንቱ ቤቴ መጣ። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተቀመጠና በለሆሳስ «ጋሼ፣ ወላሂ ዓይኔን ፈራሁት» አለኝ። «ያን የሚያህል ባንዲራ አጠገቤ ሲውለበለብ እንዴት አላየሁም አቦ? በየት በኩል ነበር የያዝከው?»

እኔ ምን አደረግሁ? ተነሥቼ ቆምኩ። «በግራ በኩል፣ እንዲህ አድርጌ» ብዬ ባዶ እጄን ከፍ አደረግሁለት። ራሱን ነቀነቀ። «ላብ ዓይንህ ውስጥ ገብቶ ይሆናል» ስል ጨመርኩበት። እያጽናናሁት ነበር እኮ!

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ዓይንህ ደህና ነው ቢሉት አላመነም። ከዚያ ቀን በኋላ ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም። የሰው ብስክሌት ይጠግንና ለሙከራ እንኳ ሳይወጣበት በእጁ እየገፋ ይመልሳል። «ብስክሌት የሚፈራ ብስክሌት ጠጋኝ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ታደሰን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው፣ የጎደለውን የሚሞላው እሱ ነበር። ታደሰ መጀመሪያ ፊት ነስቶት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ለዘዘለት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ አልቀለለም። ጀማልን በሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። በሬ ሲንኳኳ ዛሬ ዓይኑ በራለት፣ ነገሩን ደረሰበት እላለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውም እኔ ጋ ሲደርስ ተገለበጠ፤ የተወጋው ጀማል ወጊው ራሴ ነኝ ብሎ አመነ። ደርግ ወደቀ። ሊቀመንበሩ የት እንደገባ አይታወቅም፣ እነዚያ ሦስት ሰዎችም ተበተኑ። የምፈራው ሰው አልቀረም። ታዲያ ከዚያ በኋላ ማንን ነበር የምፈራው? ጀማልን። «ጋሽ አሰፋማ አይዋሽም» ያለበትን ፊት መልሼ ማየት ፈራሁ።

ጀማል ዘንድሮ ሞተ። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ሳለ ታደሰ ምርኩዙን ተደግፎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው አስጠራኝ። ያን ባንዲራ ባለማየቴ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አለኝ። አለቀሰ። አውፍ ብዬሃለሁ አልኩት።»

እኔም «ደግ አደረግህ» አልኩት። ሰው በተሰበሰበበት፣ ሬሳው በወጣበት ቤት ተቀምጬ፣ በዚህ አፌ «ደግ አደረግህ» አልኩት።

እናንተን ማሩኝ አልልም፤ ምሕረቱ የእናንተ አይደለም። ይቅርታ ልጠይቀው የሚገባኝ ሰው እሱው ይቅርታ ሲለምን ሞተ። ይህን ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው ለታደሰ ነው። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። አንብቦ እስኪጨርስ ፊቱ እቀመጣለሁ።

ጀማል ዓይኑ ደህና ነበር። ይህን ለመናገር እሱ እስኪሞት ጠበቅሁ።